ከምድጃ እስከ መርከብ፦ የሸክላ ዕቃ በሰው ልጅ ኑሮ

ሸክላ በእሳት ተፈጥሮው የተለወጠ አፈር ነው። ጭቃ በፀሐይ ደርቆ የቱንም ያህል ቢጠነክር ውሃ ሲያገኘው ተመልሶ ይሟሟል። ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ግን በአፈሩ ማዕድን ውስጥ ታስሮ የቆየው ውሃ ተንኖ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጭቃነት መመለስ የለም። ይህን ያህል ሙቀት ለማግኘት ልዩ እቶን መገንባት እንኳ አያስፈልግም። የደረቀውን ዕቃ ሜዳ ላይ ደርድሮ፣ በእንጨት፣ በኩበትና በጭድ ሸፍኖ ማቃጠል ይበቃል። በኢትዮጵያ ገጠር ሸክላ ዛሬም በአመዛኙ የሚቃጠለው በዚህ መንገድ ነው።

አስቸጋሪው ከእሳቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። የሸክላ አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሸክላ ሠሪዎች አሸዋ፣ የተፈጨ ድንጋይ፣ ጭድ ወይም የአሮጌ ዕቃ ገል ወቅጠው ይቀላቅሉበታል። ድብልቁ እንደ ዕቃው ሥራ ይለያያል። እሳት ላይ የሚጣድ ድስት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት እንዳይሰነጠቅ ሻካራ አፈር ይፈልጋል፤ ሙቀቱ በእኩል እንዲዳረስበትም ታቹ ድቡልቡል ይሆናል። የውሃ እንስራ ደግሞ ትንሽ እርጥበት ወደ ውጭ ማሳለፉ ጥሩ ነው። በገላው ላይ የወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። የወይን ጠጅ ማሰሮ ግን ጠብታ ማሳለፍ የለበትምና በጥንቱ ዓለም ውስጡ በዝፍት ይለበጥ ነበር። ስለ አንድ ጥንታዊ ሸክላ ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ነገርም ከዚህ ይመጣል፦ ምን ይያዝበት ነበር?

ከእርሻ በፊት የተጣደ ድስት

ሰው አፈርን በእሳት ማጠንከር የጀመረው ዕቃ ፈልጎ አይመስልም። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ዶልኒ ቬስቶኒትሴ በተባለ ቦታ የተገኘች ከጭቃ ተሠርታ የተቃጠለች የሴት ምስል ከ25,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። ድስት የተገኘው ከዚያ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ ነው። በደቡብ ቻይና፣ ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር፣ ሺየንረንዶንግ ከተባለ ዋሻ የተቆፈሩ ገሎች 20,000 ዓመት ገደማ እንደሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ሆነ። አንዳንዶቹ ውጫቸው በእሳት የጠቆረ ነው፤ ተጥደው ነበር ማለት ነው።

ይህ ለረጅም ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት ሲሰጥ የኖረውን ቅደም ተከተል አፈረሰ። ሰው መጀመሪያ አረሰ፣ ከዚያ በአንድ ቦታ ረጋ፣ ከዚያም እህሉን የሚያኖርበት ሸክላ ሠራ ይባል ነበር። የዚያ ዋሻ ነዋሪዎች ግን በበረዶ ዘመን የኖሩ አዳኞችና ለቃሚዎች ነበሩ። በአንጻሩ እንደ ኢያሪኮ ባሉ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰፈሮች ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ እያረሱ፣ ግንብም እየገነቡ፣ ሸክላ ዕቃ አልነበራቸውም። እርሻና ሸክላ የግድ አብረው የሚመጡ ነገሮች አልነበሩም።

አዳኝ በድስት ምን ያደርጋል? ሥጋ ያለ ድስት ይጠበሳል። ከአጥንት ቅባት ማውጣት፣ መራራ ሥር ቀቅሎ ማላላት፣ ጥርስ ላላወጣ ሕፃንና ጥርሱ ለረገፈ ሽማግሌ ሾርባ መሥራት ግን ያለ ድስት ጭንቅ ነው። በጃፓን ጆሞን በሚባለው ዘመን የተሠሩ፣ ከ15,000 እስከ 11,800 ዓመት ያስቆጠሩ ድስቶች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት አብዛኞቹ የዓሣና የሌሎች የውሃ እንስሳት ቅባት ተገኝቶባቸዋል። ዕቃዎቹ ገና እርጥብ ሳሉ በተገመደ ገመድ እየተጫኑ ያጌጡ ስለሆኑ ዘመኑ ራሱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የገመድ ጥለት ነው።

አፍሪካም በዚህ ታሪክ ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። በማሊ ኡንጁጉ በተባለ ቦታ ከ11,000 ዓመት በፊት የተሠራ ሸክላ ተገኝቷል። በካርቱም አካባቢ በዓባይ ዳር የኖሩ ዓሣ አስጋሪዎች ዕቃቸውን ሞገድ በሚመስል መስመር ያስጌጡ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ሊቢያ ተራሮች፣ ዛሬ በረሃ በሆነው በታካርኮሪ፣ የተገኙት ገሎች ደግሞ ሌላ ነገር ተናግረዋል። ወደ 7,000 ዓመት ዕድሜ ባላቸው በነዚህ ገሎች ውስጥ የወተት ቅባት ተገኘ። በዚያው አገር አለቶች ላይ የላሞች ሥዕል ሞልቷል፤ ሥዕሉ ላሞች እንደነበሩ ይመሰክራል፣ መታለባቸውንና ወተቱ በዕቃ መያዙን ግን ያረጋገጠው ገሉ ነው።

ይህ ሁሉ ምርመራ የሚቻለው ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ነው። ወጡ ሲንተከተክ ቅባቱ ወደ ድስቱ ገላ ጠልቆ ይገባል፤ እዚያም ከፀሐይና ከዝናብ ተጠልሎ ሺህ ዓመታት ይቆያል። አጥኚው ከገሉ ትንሽ ፈጭቶ ቅባቱን በኬሚካል ያወጣዋል፤ በቅባቱ ውስጥ ያለው የካርቦን ዓይነት የሥጋ ጮማ ይሁን የወተት ቅቤ ይለያል። በዚህ ዘዴ ከተፈቱት እንቆቅልሾች አንዱ በፖላንድ የተገኙት ወንፊት የሚመስሉ የተበሳሱ ሸክላዎች ናቸው። አርኪዮሎጂስቱ ፒተር ቦጉትስኪ በ1980ዎቹ አይብ ማጥለያ ናቸው ብሎ ቢገምትም ማስረጃው እ.ኤ.አ. እስከ 2012 አልተገኘም፤ ያን ዓመት ገሎቹ ተመርምረው የወተት ቅባት ወጣባቸው። ቤተ መዘክሮች በመስታወት ውስጥ የሚያስቀምጡት ያማረውን ዕቃ ነው። የጠቆረው፣ ማንም የማያየው የድስት ስባሪ የበለጠ እንደሚያወራ የታወቀው በቅርቡ ነው።

ቀለብ፣ ማኅተም፣ መቃብር

ከተማ ሲመሠረት ሸክላ ከቤት ወጥቶ ወደ አስተዳደር ገባ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዘመን በሜሶፖታሚያ፣ በኡሩክና በአካባቢዋ፣ ጠርዛቸው ወደ ውጭ የተቆረጠ ሻካራ ጎድጓዳ ሳህኖች እጅግ በብዛት ይሠሩ ነበር። ውበት የላቸውም፤ ጭቃው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጠቅጥቆ በችኮላ የወጣ ነው። ብዙ አጥኚዎች ለሠራተኛ የሚታደል የእህል ቀለብ መስፈሪያ ነበሩ ይላሉ፤ ዳቦ መጋገሪያ ናቸው የሚሉም አሉ። በዚያው አገር በተፈጠረው ጽሕፈት መብላትን የሚያመለክተው ምልክት የሰው ራስና ከአጠገቡ ጎድጓዳ ሳህን መሆኑ ለመጀመሪያው ወገን ያደላል።

በግብፅ የወይን ጠጅ ማሰሮ የዛሬውን የጠርሙስ ወረቀት ያህል ይናገር ነበር። በንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ በተገኙት የወይን ማሰሮዎች ትከሻ ላይ በቀለም የተጻፈ ነገር አለ፦ ወይኑ የተጠመቀበት የንግሥና ዘመን፣ የእርሻው ባለቤት፣ ቦታው፣ የጠማቂዎቹ አለቃ ስም።

የግብፅ ሸክላ ግን ትልቁን ውለታ የዋለው ለጠማቂዎች ሳይሆን ለታሪክ ጸሐፊዎች ነው። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1890ዎቹ በነቃዳና በአካባቢው በሺህ የሚቆጠሩ መቃብሮች ሲቆፍር ጽሑፍ አላገኘም፤ መቃብሮቹ ከፈርዖኖች በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸውና። የትኛው መቃብር የቱን እንደሚቀድም የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የተመራው በሸክላው ነው። እያንዳንዱ መቃብር የያዛቸውን የሸክላ ዓይነቶች በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፎ፣ የሚመሳሰሉት እስኪቀራረቡ ድረስ ቁራጮቹን ደጋግሞ ደረደረ። ቁልፉን የሰጠው አንድ ዓይነት ማሰሮ ነው። መጀመሪያ ሆዱ የሰፋ፣ በሁለት ጎኑ ለመያዣ የሚሆን ሞገደኛ እጀታ ያለው ነበር። በኋላ ማሰሮው እየቀጠነ፣ እጀታው እያነሰ ሄደ፤ ከዚያ እጅ የማይዘው ጌጥ ብቻ ሆነ፤ በመጨረሻም በቀለም የተሰመረ አንድ መስመር ሆኖ ቀረ። መስመሩ እጀታን ሊወልድ አይችልም፤ እጀታው ግን ወደ መስመር ሊሟሽሽ ይችላል። ፔትሪ በዚህ የጊዜውን አቅጣጫ አወቀ። የዛሬ አርኪዮሎጂስቶች በኮምፒውተር የሚሠሩት ድርደራ ሥሩ እዚህ ነው።

የግሪኮች ገል

የሸክላ መንኮራኩር፣ ማለትም ጭቃው ላዩ ተቀምጦ ሲሽከረከር በእጅ የሚቀረጽበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ከተፈጠረ በኋላ ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች ተዛመተ። ከሁሉም በላይ የተራቀቁበት አቴናውያን ናቸው። ጥቁርና ቀይ ሆነው የሚታዩት ሥዕሎቻቸው በሁለት ቀለም የተሠሩ ይመስላሉ፤ ቀለሙ ግን አንድ ነው፣ እርሱም ራሱ ብረት ያለበት አፈር ነው። ሠዓሊው ከዚያው አፈር በጣም የላመውን በውሃ አቅጥኖ ይቀባል። እቶኑ መጀመሪያ አየር እየገባበት ይነድዳል፤ ሁሉም ነገር ይቀላል። ቀጥሎ አየሩ ተዘግቶ እርጥብ እንጨት ይጨመርበታል፤ ሁሉም ይጠቁራል። በመጨረሻ አየር ሲለቀቅ ያልተቀባው ገላ ወደ ቅላቱ ይመለሳል፤ የተቀባው ግን በሙቀቱ መስታወት መስሎ ስለተደፈነ አየር አይገባውም፣ እንደ ጠቆረ ይቀራል። ሦስቱም ደረጃ በአንድ እሳት፣ በዓይን ግምት የሚመራ ነበር።

ግሪኮች ለየሥራው የተለየ ዕቃ ነበራቸው፦ ሦስት እጀታ ያለው የውሃ መቅጃ፣ ወይንን በውሃ የሚያቀጥኑበት ሰፊ ማዋሃጃ፣ ለሬሳ ዘይት የሚሆን ቀጭን ብልቃጥ። በአቴና የፓናቴናይያ ውድድር ያሸነፈ ሰው የሚሸለመው በትልልቅ የተሳሉ ማሰሮዎች የተሞላ የወይራ ዘይት ነበር። ሳይሰበሩ ከተገኙት የአቴና ሸክላዎች ብዙዎቹ የወጡት ከጣሊያን ነው። ኤትሩስካውያን ገዝተው ከሙታናቸው ጋር ይቀብሯቸው ስለነበር ነው የተረፉት።

የተሰበረውም ሥራ አይፈታም ነበር። ወረቀት በሌለበት ከተማ ገል የነጻ መጻፊያ ነው። አቴናውያን ኃይሉ በዝቷል ብለው የሰጉበትን ፖለቲከኛ ለ10 ዓመት ከከተማ ለማባረር ድምፅ ሲሰጡ ስሙን የሚጭሩት በገል ላይ ነበር፤ ውሳኔው እንዲጸና ቢያንስ 6,000 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በሰላሚስ የባሕር ጦርነት ፋርሶችን ያሸነፈው ቴሚስቶክሊስ የተባረረው በዚህ መንገድ ነው። በአክሮፖሊስ ጥግ ከአንድ ጉድጓድ የእርሱ ስም ያለባቸው ወደ 190 የሚጠጉ ገሎች ሲወጡ የእጅ ጽሕፈቱ ሲመረመር የጻፏቸው 14 ያህል ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። አስቀድሞ ተጽፎ ለመራጭ የሚታደል የምርጫ ወረቀት መሆኑ ነው። የፖለቲካ ዘዴኞች የቆየ ሙያ አላቸው።

የሮም የዘይት ተራራ

በሮም ከተማ በቲቤር ወንዝ አጠገብ 35 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሣርና ዛፍ የበቀለበት ኮረብታ አለ፤ ሞንቴ ቴስታቾ ይባላል። አፈር ሲማስ የሚወጣው ገል ነው፤ ገሉም እስከ ታች ድረስ ነው። ኮረብታው በሙሉ ከተሰበሩ የዘይት ማሰሮዎች የተሠራ ሲሆን ከ50 ሚሊዮን በላይ ማሰሮ እንዳለበት ይገመታል።

ማሰሮዎቹ አምፎራ የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ በሁለት ጎን እጀታ፣ ጠባብ አንገት፣ ታቹ ሹል። ሹል መሆኑ ለማያውቅ ሰው ጥፋት ይመስላል፤ መሬት ላይ አይቆምም። ነገር ግን አምፎራ የተሠራው ለጠረጴዛ ሳይሆን ለመርከብ ነው። የአንዱ ሹል በታች ባሉት ማሰሮዎች ትከሻ መካከል እየገባ ይደረደራል፤ ሲገለብጡትም ሹሉ እንደ ሦስተኛ እጀታ ይያዛል። በቴስታቾ የበዛው ከደቡብ ስፔን የመጣው ድቡልቡል ዓይነት ነው። ባዶውን 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ 70 ሊትር ያህል ዘይት ይይዛል።

የወይን ማሰሮ ታጥቦ ለሌላ ነገር ይሆናል። ዘይት የያዘ ሸክላ ግን ቅባቱን ስለጠጣ ይሸታል፤ ከስፔን ድረስ ባዶውን መመለስም ኪሳራ ነው። ስለዚህ ወደቡ ላይ ዘይቱ ተገልብጦ ማሰሮው ይሰበራል፣ ገሉ ወደ ክምሩ ይሄዳል፤ ለሽታው ኖራ ይነሰነስበታል። ከተማይቱ ይህን ስታደርግ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖራለች። ክምሩም በሥርዓት የተደረደረ እንጂ እንደ ቆሻሻ የተደፋ አይደለም። በብዙዎቹ ገሎች ላይ የባዶው ክብደት፣ የዘይቱ ክብደት፣ የነጋዴው ስምና ዓመቱ በቀለም ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ድሬሰል እነዚህን ጽሑፎች አንብቦ የአምፎራዎቹን ዓይነት በቁጥር ለየ፤ የስፔኑ ማሰሮ ዛሬም በዓለም አርኪዮሎጂስቶች ዘንድ «ድሬሰል 20» ይባላል። የሮም መንግሥት መዝገብ ቤቶች ጠፍተዋል። ስለ ከተማይቱ የዘይት ቀለብ በዝርዝር የሚታወቀው ግን ከዚህ የገል ክምር ነው።

ከአዱሊስ እስከ ምጣድ

ይኸው የባሕር ንግድ ወደ ቀይ ባሕርም ይዘልቃል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ በጻፈው የቀይ ባሕር መምሪያ ውስጥ ወደ አክሱማውያን ወደብ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የወይን ጠጅና የወይራ ዘይት ተጠቅሰዋል። ቆየት ብሎ፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአቃባ ወደብ የተሠሩ ካሮት የመሰሉ ቀጫጭን አምፎራዎች ወደ አክሱም መንግሥት በብዛት ይገቡ ነበር። እቶኖቻቸው በዛሬዋ ዮርዳኖስ ተቆፍረው ተገኝተዋል፤ ገሎቻቸው በአክሱምና በአዱሊስ ይለቀማሉ፤ በዳህላክ ደሴቶች አቅራቢያ በሰጠመ መርከብም እነዚሁ ተገኝተዋል።

አክሱማውያን መንኮራኩር አልተጠቀሙም። ቀያዮቹን ሳህኖቻቸውንና ማሰሮዎቻቸውን በእጅ ቀርጸው፣ አለስልሰው፣ በተጫረና በታተመ ጥለት ያስጌጡ ነበር። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ዓይን የሚይዙት አንገታቸው የሴት ራስ ሆኖ የተቀረጸ ማሰሮዎች ናቸው፤ የፀጉሩ ሹሩባ በሰሜን ኢትዮጵያ ዛሬም ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል።

ያለ መንኮራኩር በእጅ መሥራቱ እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍልም የሴቶች ሙያ ነው። ዕቃው ብዙ ነው። እንስራ ውሃ ይቀዳበታል፣ በገመድ ታስሮ በጀርባ ይታዘላል። በምንቸት ወጥ ይሠራል። ጋን ጠላ ይጠመቅበታል፤ ከመጠንሰሱ በፊት በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል፣ ጢሱም በሸክላው ቀዳዳ ገብቶ ለጠላው ጣዕም ይሰጣል። ጋን ታቹ ድቡልቡል ስለሆነ ብቻውን አይቆምም። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ተረት የመጣው ከዚሁ የቤት ውስጥ እውነት ነው። ጀበናም እንዲሁ ድቡልቡል ነውና ማቶት ያስፈልገዋል። ቅርጹ ግን ከሁሉም የተጠበበበት ነው፦ ሰፊው ሆድ አተላውን ያስቀራል፣ ረጅሙ አንገት ሲፈላ የሚነሳውን ቡና ይይዛል።

ምጣድ ከነዚህ ሁሉ ከባዱ ሥራ ነው። ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ስስ ጠፍጣፋ ሸክላ ሳይጣመምና ሳይሰነጠቅ ማድረቅና ማቃጠል ቀላል አይደለም። ከተገዛም በኋላ መሟሸት አለበት። በእሳት ላይ እያለ የተወቀጠ የጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል፤ ቅባቱ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ገጹን ጥቁርና ልስልስ ያደርገዋል፣ ሊጡም አይጣበቅም። በሚገባ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ ያስቀራል።

ይህን ሁሉ የሠሩት እጆች ክብር አላገኙም። በብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው እየተባለ ሲሸሽ፣ መሬት ሲከለከል፣ በጋብቻ ሲገለል ኖሯል። በምጣዷ የተጋገረውን እየበሉ ሠሪዋን ማራቅ ለማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ልማዱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። በጎንደር አቅራቢያ በወለቃ ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ፤ በኋላ ለጎብኚዎች የሚሸጡ ትናንሽ የሸክላ ምስሎችም ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። በአዲስ አበባ ቀጨኔ ዛሬም የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው።

ነጩ ሸክላ

እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በመካከለኛው አሜሪካም መንኮራኩር ሳይኖር እጅግ የረቀቀ ሸክላ ተሠርቷል። በጓቴማላ ሪዮ አሱል ከአንድ የማያ መቃብር የወጣው፣ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚዘጋ ማሰሮ ላይ ከተጻፉት ምልክቶች አንዱ ካካዎ ይላል። ውስጡ የቀረው ዝቃጭ ሲመረመርም የካካዎ ኬሚካል ተገኘበት። ጽሑፉና ይዘቱ እንዲህ የገጠሙበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በዓለም ንግድ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሠራው ግን የቻይና ፖርሴሊን ነው። ተራ ሸክላ ከ1,000 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይቃጠላል። ፖርሴሊን ካዎሊን የተባለ ነጭ አፈርና የተፈጨ ልዩ ድንጋይ ተቀላቅሎ ወደ 1,300 ዲግሪ ሲደርስ የሚገኝ ነው። ውስጡ በከፊል መስታወት ስለሚሆን ውሃ አያሳልፍም፣ ስስ ሲሆን ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። የሥራው ዋና ከተማ ጂንግዴዠን ሆነች።

የቻይና ሸክላ ከዚያ ቀድሞም በባሕር ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘው በ9ኛው ክፍለ ዘመን የሰጠመ መርከብ ጣውላዎቹ በገመድ የተሰፉ፣ በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ልማድ የተሠራ ነበር። ጭነቱ 60,000 ያህል ዕቃ ሲሆን አብዛኛው የቻንግሻ ሳህን ነው። ሳህኖቹ እንዳይሰበሩ በትልልቅ ማሰሮዎች ውስጥ ተጠቅልለው ተደርድረው ነበር፤ በአንዱ ላይ ከ826 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጋር የሚገጥም የቻይና ቀን ተጽፎበታል። የሙስሊም ሸማችን ፍላጎት አውቆ መሥራት የተጀመረውም ያን ጊዜ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የአረብ ጽሕፈት የሚመስል ጌጥ አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከፋርስ የመጣ ኮባልት በጂንግዴዠን ነጭ ገላ ላይ ሲቀባ ዛሬ ሁሉ የሚያውቀው ሰማያዊና ነጭ ፖርሴሊን ተስፋፋ። ከመካከላቸው እጅግ ሰፋፊዎቹ ትሪዎች ብዙ ሰው በአንድ ማዕድ ለሚበላበት ለምዕራብ እስያ ገበያ የሚመቹ ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ስዋሂሊዎች የቻይና ሳህኖችን በመስጊድ ግድግዳና በመቃብር ምሰሶ ላይ በኖራ ይለብጧቸው ነበር፤ ከመብል ዕቃነት ወደ ጌጥነት ተሻገሩ።

አውሮፓውያን ፖርሴሊንን ለብዙ ዘመን ከመግዛት በቀር መሥራት አልቻሉም። የሳክሶኒው ገዢ ኃያሉ አውግስጦስ ፍቅሩ ከልክ ያለፈ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1717 ለፕሩሲያ ንጉሥ 600 ወታደሮች ሰጥቶ 151 የፖርሴሊን ዕቃ ወሰደ። ምሥጢሩ የተፈታውም በእርሱ እስር ቤት ነው። ዮሐን ቦትገር የተባለው ወጣት ወርቅ እሠራለሁ ብሎ ቢታሰርም ወርቁ አልመጣም፤ ከሳይንቲስቱ ቺርንሃውስ ጋር ሲሠራ ግን በ1708 ነጩን ሸክላ አገኘ። በ1710 በማይሰን ፋብሪካ ተከፈተ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ዳንትረኮል የጂንግዴዠንን አሠራር ዘርዝሮ ከቻይና ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤው አውሮፓ ሲደርስ ምሥጢሩ ገበያ ወጣ።

የቀረውና የተተካው

ብረትና ፕላስቲክ ብዙውን የሸክላ ሥራ ወስደዋል። የውሃ እንስራ በአመዛኙ በጀሪካን ተተክቷል፤ ጀሪካኑ ውሃ አያቀዘቅዝም፣ ግን ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ለተሸካሚዋ ጀርባም እፎይታ ነው። ሸክላ የቆየው የተሻለ ምትክ ባልተገኘበት ቦታ ነው። ጆርጂያውያን የወይን ጠጃቸውን እስከ አንገታቸው በተቀበሩ ትልልቅ ማሰሮዎች ያቦካሉ፤ ይህ አሠራራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ኮሪያውያን ኪምቺና አኩሪ አተር የሚያቦኩበት ማሰሮ ገላው አየር ስለሚያሳልፍ ይመርጡታል። በኢትዮጵያ ከተሞች ማገዶው በኤሌክትሪክ ቢተካም የእንጀራው ምጣድ አልተለወጠም። በብረት ክፈፍ ውስጥ የሚቀመጠው ሰሌዳ ያው በእጅ የተሠራ ሸክላ ነው፤ በታቹ ጠመዝማዛ ቦይ ተቆፍሮ የሚግለው ሽቦ ይቀበርበታል፣ ከዚያ እንደ ጥንቱ በጎመን ዘር ይሟሻል።